ዋሱ ማን ነው? የኦንላይን የንግድ ትምህርት ቤት ከየት ተነሥቶ ደሴ ደረሰ

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሻሽና ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ከመግሪብ በኋላ ሱቋን ትዘጋለች። ቤት ገብታ ልጆቿን አብልታ ካስተኛች በኋላ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ትገዛና ስልኳን ግድግዳ አስደግፋ ትምህርቷን ትጀምራለች። የምትማረው በኦንላይን የሚሰጥ የንግድ ሥራ አመራር ኮርስ ነው። አስተማሪው ባሕር ማዶ ነው፤ ማስታወሻ የምትይዝበት ግን የሱቋ ደብተር ነው። ደብተሩን ከፊት ሲገልጡት የዱቤ ዝርዝር ነው፤ ስም፣ ቀን፣ የብር መጠን፣ የከፈለው ሰው ላይ የተሰመረ ጭረት። ከኋላ ሲገልጡት «ቋሚ ወጪ»፣ «ተለዋዋጭ ወጪ» የሚሉ ርእሶች በቀይ እስክሪብቶ ተጽፈው ይገኛሉ።

አንድ ምሽት ደብተሩን ከፍታ አሳየችኝ። ኮርሱ ብሬክ ኢቭን የሚሉትን፣ ማለትም ትርፍም ኪሳራም የሌለበትን የሽያጭ ልክ የሚያስረዳው አንድ ስኒ ቡና በ4 ዶላር በሚሸጥ ካፌ ነው። እሷ ካፌውን ሰርዛ በቦታው ሱቋን አስገብታለች። የቤት ኪራይ 9,000 ብር፣ ለምታግዛት ልጅ 4,000፣ ለመብራትና ለልዩ ልዩ 1,000፤ በድምሩ 14,000 ብር በወር። አንድ ሻሽ ከነትራንስፖርቱ 350 ብር ይገባላታል፣ በ450 ትሸጠዋለች። 100 ብር ይተርፋታል። ስለዚህ በወር 140 ሻሽ ካልሸጠች ኪሳራ ነው። በወር 26 ቀን ብትከፍት በቀን ከ5 በላይ፣ በቁጥር 6 መሆን አለበት። ስምንት ዓመት ስትነግድ ይህን ቁጥር አታውቀውም ነበር። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ጨርሼ ወረቀቱን ባገኝ እዚህ አገር ማን ያውቅልኛል?»

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው። የኦንላይን የንግድ ትምህርት ቤት ታሪክ ብዙ ጊዜ የቴክኖሎጂ ታሪክ ተደርጎ ይነገራል፤ ኢንተርኔት መጣ፣ ቪዲዮ መጣ፣ ትምህርቱም ስልክ ውስጥ ገባ ይባላል። እኔ ግን ጉዳዩን በቅርብ ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነው። ያደጉትን ያሳደጋቸው ተማሪውን አስሮ የሚይዝ ሥርዓትና ስለ ተማሪው የሚመሰክር የታመነ ስም ነው። የወደቁትም የወደቁት ከሁለቱ አንዱን ሲያጎድሉ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በፖስታ ነው። እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን እ.ኤ.አ. በ1840 (የውጩን ታሪክ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ለጸሐፊዎችና ለንግድ ቤት ሠራተኞች የሚጠቅመውን አጭር ጽሕፈት፣ ማለትም ንግግርን በምልክት ፈጥኖ መጻፍን፣ በፖስታ ያስተምር ነበር። ተማሪው ልምምዱን ጽፎ ይልካል፣ እሱ አርሞ ይመልሳል። የኋላው ሁሉ ነገር ፍሬ እዚህ ውስጥ አለ ብል ማጋነን አይሆንም። ትምህርት ያደረገው የመጽሐፉ መላክ አልነበረም፤ ታርሞ መመለሱ ነው። በ1858 የለንደን ዩኒቨርሲቲ የትም ሆኖ የተማረ ሰው ፈተናውን ካለፈ ዲግሪ እንዲያገኝ ፈቀደ። ያኔ ሁለተኛው ፍሬ ተጨመረ፤ ስም ያለው ተቋም አይቶት ለማያውቀው ሰው መሰከረ።

ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1969 የተቋቋመው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀበለ። ሬዲዮና ቴሌቪዥንን ከፖስታ ጋር አጣምሮ ለእያንዳንዱ ተማሪ አስጠኚ መደበለት። በ1983 የንግድ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ሥራውን ሳይለቅ፣ ቤተሰቡን ሳይበትን አመራር መማር የፈለገ ሰው ብዙ መሆኑ የታየው ያኔ ነው። የንግድ ትምህርት ከሌላው ይልቅ ለርቀት የተመቸበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ሐኪም ለመሆን ሆስፒታል፣ መሐንዲስ ለመሆን ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። የነጋዴ ላቦራቶሪው ሱቁ ነው፤ ተማሪው ማታ የተማረውን ጠዋት እዚያው ይሞክረዋል።

ወደ ኮምፒውተሩ መስመር ቀድመው ከገቡት አንዱ የአሜሪካው ፊኒክስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1976 ጆን ስፐርሊንግ ለሠራተኛ ጎልማሶች ብሎ ያቋቋመው ሲሆን በ1989 በኦንላይን ማስተማር ጀመረ። ተቋሙ ትርፍ ፈላጊ ነበርና አስተዳደጉም የችኮላ ነበር፤ በ2010 አካባቢ ተማሪዎቹ ከ400,000 በላይ ደርሰው ነበር። በ2019 ደግሞ ከታላላቅ ኩባንያዎች ጋር ለተማሪዎቹ የሥራ ዕድል የሚያመቻች አስመስሎ አስተዋውቋል በሚል የቀረበበትን ክስ በ191 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋ። ገንዘቡ ሊተካ ይችላል፤ ያኔ የተጎዳው ስም ግን የተቋሙ ብቻ አልነበረም፤ «በኦንላይን ተማርኩ» የሚል ሰው ሁሉ በቀጣሪ ፊት ለዓመታት በጥርጣሬ ታየ።

ከዚያ 2012 መጣ። የስታንፎርድ መምህራን የነበሩት አንድሩ ንግና ዳፍኔ ኮለር ኮርሴራ የተባለውን የኦንላይን ትምህርት መድረክ መሠረቱ፤ ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ ደግሞ ኤድኤክስ የተባለውን ከፈቱ። ማንም ሰው ከየትም ሆኖ በነጻ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችን ትምህርት ማየት ቻለ። ብዙ ሰው «የዩኒቨርሲቲ ግንብ ፈረሰ» ብሎ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሃርቫርድና በኤም አይ ቲ የኤድኤክስ ኮርሶች ላይ የተደረገና በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በ2017 እና 2018 የትምህርት ዘመን ከተመዘገቡት ውስጥ የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከ100 ሰው 97ቱ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። በ2014 የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት የራሱን የኦንላይን ክፍል ከፍቶ ሦስት ኮርሶችን የያዘ የመግቢያ ፕሮግራም ጀመረ፤ የሒሳብ አያያዝ፣ ኢኮኖሚክስ ለሥራ አስኪያጆች እና የንግድ መረጃ ትንተና። ትምህርት ቤቱ እንደሚለው ከጀመሩት ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ይጨርሳሉ። ኢንተርኔቱ ያው ኢንተርኔት፣ ስክሪኑም ያው ስክሪን ነው። አንዱ ጋ 3፣ ሌላው ጋ 85 የሆነው ለምንድን ነው?

አንዱ ምክንያት ክፍያው ነው፤ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ትምህርቱን በቀላሉ አይተወውም። ዋናው ግን አሠራሩ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ይጀምራሉ፣ በአንድ ቀን ይጨርሳሉ፤ ምዕራፉ ማብቂያ ቀን አለው። መምህሩ ለግማሽ ሰዓት አያወራም፤ በየሦስት አምስት ደቂቃው ተማሪው አንድ ነገር እንዲሠራ ይገደዳል። ትምህርቱ የሚነሣው ከእውነተኛ ድርጅት ችግር ነው፤ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱን ጓደኞቹ ያዩታል፣ ይሞግቱታል። በክፍል ውስጥ መምህሩ ድንገት ስም ጠርቶ የሚጠይቀው ልማድ እንኳ በስክሪን በኩል እንዲመጣ ተደርጓል። ተማሪው የሚታይ ሰው ሆነ።

ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እቁብ ማለት ይህ ነው። እቁብተኛው ብሩን ቤቱ ማጠራቀም ይችል ነበር፤ አያጠራቅምም። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ዋሱና የእሑዱ ቀጠሮ ስላሉ ግን ጎረቤቱ ፊት ላለማፈር ሲል ተበድሮም ቢሆን ይጥላል። ቅሬያችንም (እድራችን) እንዲሁ ነው፤ ለቅሶ ላይ ያልተገኘ ሰው ስሙ ይጠራል። ታላቁ ትምህርት ቤት በብዙ ወጪ የደረሰበት ጥበብ እኛ በየሰፈሩ የምንኖርበት ሥርዓት ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ በእጃችን ያለውን ለትምህርት አላዋልነውም ብዬ ስለምቆጭ ነው።

ወደ ዕድገቱ ልመለስ። በ2016 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከኮርሴራ ጋር ሆኖ 22,000 ዶላር ገደማ የሚጠይቅ ሙሉ የኦንላይን ኤምቢኤ (የንግድ አስተዳደር ማስተርስ ዲግሪ) ጀመረ። በአሜሪካ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ዋጋ ሲታይ ይህ ትንሽ ነው። ተማሪው ጎረፈ። በ2019 ያው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የሚማሩበትን የሙሉ ጊዜ ኤምቢኤ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ነው ይህ የሆነው፤ ብዙ ሰው ወረርሽኙ ያመጣው ይመስለዋል። በሌላው ጫፍ በ2009 ሻይ ሬሼፍ ያቋቋመው «ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ዘ ፒፕል» (የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ) አለ። የማስተማሪያ ክፍያ አይጠይቅም፤ ለማመልከቻና ለምዘና ግን ያስከፍላል። ካስጀመራቸው ትምህርቶች አንዱ የንግድ አስተዳደር ነው፤ በ2014 በአሜሪካ ዕውቅና አግኝቷል።

ሁሉም አልቀናቸውም። ለዩኒቨርሲቲዎች የኦንላይን ትምህርት እያዘጋጀ ገቢውን የሚካፈለው ቱዩ የተባለ ኩባንያ በ2021 ኤድኤክስን በ800 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር። በ2024 ዕዳው ከብዶት ፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የኦንላይን ትምህርት ርካሽ ነው የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ቪዲዮው አንዴ ከተቀረጸ ለአንድም ለመቶ ሺም ያው ነው። ተማሪ መፈለጊያው፣ አራሚው፣ አስጠኚው፣ «ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚደውለው ሰው ግን በየተማሪው ያስወጣል።

ወደ አገራችን እንምጣ። የርቀት ትምህርት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በሞጁል የሚማረው መምህር፣ የቀበሌ ሠራተኛና የባንክ ጸሐፊ ብዙ ነው። ከግል ተቋማት ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በርቀት ትምህርት ስሙ ቀድሞ ይነሣል፤ ከሕንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖም የውጭ ኤምቢኤ ወደ አገር ቤት አምጥቷል። ዩኒሳ የተባለው የደቡብ አፍሪካ የርቀት ዩኒቨርሲቲም አዲስ አበባ፣ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቷል። መንገዱ ግን ኮረኮንች ነበር። በ2002 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት ጥራቱ ወርዷል ብሎ የርቀት ትምህርትን አግዶ ነበር፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ በጥብቅ መመሪያ እንዲቀጥል ፈቀደ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በሐምሌው ፈተና ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሒሳብ አያያዝና ማኔጅመንት የተማሩትም ከተፈታኞቹ ውስጥ ናቸው። ውጤቱ አሳዛኝ ነው፤ በብዙ ቤት እንባ ነበር። ልጆቹ ሰነፎች ናቸው የሚለውን ፍርድ አልቀበለውም። ከመካከላቸው ሞጁል ተሰጥቷቸው፣ ማንም ሳያርማቸው፣ ማንም «የት ደረስክ?» ሳይላቸው የመጡ አሉ። ፒትማን በ1840 በፖስታ ሲያደርገው የነበረውን ያህል እንኳ አላገኙም።

ለጎረቤቴ ጥያቄ የወረቀት መልስ አለ። በአገራችን የውጭ ማስረጃን አይቶ አቻነቱን የሚወስነው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዲግሪ ከሆነ፣ ሰጪው ተቋም በራሱ አገር ዕውቅና ያለው መሆኑን ከመመዝገብ በፊት ማጣራት ይገባል። እሷ እንደያዘችው ያለ የአጭር ጊዜ ኮርስ ሰርተፊኬት ግን ዲግሪ አይደለም፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደረጃ አያሰጥም። ይህን በግልጽ ነገርኳት፤ ሳይነገራቸው ብዙ ብር የከፈሉ ወጣቶች አውቃለሁና።

ሌላም መልስ አለ፤ እሱ ከወረቀቱ የበለጠ ይመስለኛል። ወሎ የትምህርት አገር ነው። ደረሳው (የእስልምና ትምህርት ተማሪው) ስንቁን ይዞ ሸሆቹ ወደሚያስተምሩባቸው ዳና፣ ገታ፣ ጫሊ ይሄድ ነበር። የአብነት ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይወርድ ነበር፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካስተማሩበት ገዳም። ተማሪው ሲመለስ የሚጠየቀው «ከየት ትምህርት ቤት ነህ?» ተብሎ አልነበረም፤ «ማን ዘንድ ቀራህ?»፣ «መምህርህ ማን ናቸው?» ነበር ጥያቄው። ሸሁ ኢጃዛ (የማስተማር ፈቃድ) የሚሰጡት ኪታቡን እፊታቸው ለቀራ፣ ስሕተቱን አርመው ላቃኑት ሰው ነው። የሸሁ ስም ዋስ ነበር፤ የማያውቅ ተማሪ ቢልኩ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። የዛሬው የንግድ ትምህርት ቤት ስምም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የሃርቫርድ ወረቀት የሚከበረው ወረቀቱ ስላማረ አይደለም።

እንግዲህ ወሎ ውስጥ ለነጋዴው ዋስ ሊሆን የሚችል ማን ነው? ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢዎች አሉት፤ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅም አለው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አለ። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾኔ ከተባለው ድርጅት ጋር በጀመረው ፕሮግራምም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን በኦንላይን ማስተማርን እየሠለጠኑ ነው። ሰውም ስምም አለ ማለት ነው። የጎደለው ትምህርቱን ከግቢው አጥር አሻግሮ ሰኞ ገበያ፣ ባቲ፣ ሰንበቴ ማድረስ ነው።

መሰናክሉ ቀላል አይደለም፤ ያለፉት ዓመታት በዚህ አካባቢ ምን እንዳደረሱ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ቀላል ነው የሚለው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ሳለ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ ወደመ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ኮርስ ጀምሮ የነበረ ሰው የፈተናው ቀን አለፈበት፤ ከፊሉም የከፈለው ገንዘብ ቀረ። እዚህ አካባቢ የሚሠራ የኦንላይን ትምህርት ከመስመር ውጭ ወርዶ የሚታይ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ብቻ መልሱን የሚልክ መሆን አለበት። የተቋረጠበትን ተማሪ ካቆመበት የሚቀበል ቀን አቆጣጠርም ያስፈልገዋል።

ገንዘቡም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋው በዶላር ያልተለወጠ ኮርስ ለእኛ እጥፍ ሆነ። የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ደግሞ ስንት ሱቅ ነጋዴ ይዟል? ዋጋው በብር ሆኖ በቴሌብር የሚከፈል ኮርስ ግን ማንም ይደርስበታል።

ከሁሉ በላይ የማስበው ስለ ይዘቱ ነው። ቋንቋው በአማርኛ መሆን አለበት ማለት ብቻ በቂ አይደለም። የውጩ የፋይናንስ ኮርስ ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ የወለድ ስሌት ነው። በደሴ ገበያ ያለው ብዙው ነጋዴ ሙስሊም ነው፤ ወለድ አይነካም። ለእሱ የሚያስፈልገው ሙራባሃ ምን እንደሆነ፣ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ሲሸጥለት ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ፣ በሙዳራባ ገንዘብ የሚያወጣውና ሥራውን የሚሠራው ትርፉን እንዴት እንደሚካፈሉ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዘምዘምን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል፤ መደበኞቹ ባንኮችም መስኮት ከፍተዋል። ነጋዴው የሚፈርመውን ውል እንዲረዳ የሚያስተምረው ግን አላገኘም። ዱቤም እንዲሁ ነው። የባሕር ማዶው ኮርስ «ተሰብሳቢ ሒሳብ» ብሎ በአንድ ገጽ ያልፈዋል፤ እዚህ የሱቅ መኖርና መሞት እሱ ላይ ነው። ለለቅሶ የወሰደችን ጎረቤት መቼና እንዴት ነው የሚጠየቀው? የዱቤው ልክ ስንት ሲደርስ ነው ሱቁን የሚያንቀው? በአማርኛ ተጽፎ ያየሁት የለም።

ጎረቤቴ ኮርሷን ልትጨርስ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ወረቀቱን አሁን ብዙም አታነሣውም። ከወር በፊት ኮምቦልቻና ሐይቅ ካሉ አራት ሴት ነጋዴዎች ጋር በቴሌግራም ቡድን ፈጥራለች። እሑድ ማታ ሁሉም የሳምንቱን የደብተር ገጽ ፎቶ አንሥተው ይልካሉ። ያልላከች 50 ብር ትቀጣለች፤ ቅጣቱ በቴሌብር ጸሐፊዋ ዘንድ ይጠራቀማል። እስካሁን የተቀጣችው አንዲት ሴት ናት፣ እሷም አንድ ጊዜ ብቻ። ባለፈው እሑድ ሌሊቱን የተከራከሩት ስለ ዱቤ ነው። ጎረቤቴ በቀን 6 ሻሽ መሸጥ ጀምራለች፤ ከ6ቱ 2ቱ ግን በዱቤ ናቸው። የሐይቋ ነጋዴ «ብሩ እጅሽ እስኪገባ ድረስ 4 ነው የሸጥሽው» ብላ ጽፋላታለች። ጎረቤቴ ደብተሩን ከኋላ ገልጣ፣ 6 ቁጥርን ሰርዛ፣ ከጎኑ አዲስ አምድ አስምራለች።